የመጨረሻዋ ጣሳ

ዛሬ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስገባ አዲስ ቅጠል ወጥቶ ጠበቀኝ! ትናንት ማታ እንደ ጧፍ ጥቅልል ብሎ ነበር የተውኩት። ሌሊቱን ተፈትቶ፣ ከመስታወቱ ጎን እንደ መዳፍ ተዘርግቶ፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀ ይመስል ያብለጨልጫል። «ኑ! ኑ እዩ!» ብዬ ጮህኩ። ባለቤቴ ሸሚዙን ሳይቆልፍ፣ ትንሹ ልጄ በአንድ እግሩ ካልሲ አጥልቆ ሌላውን እያንከረፈፈ መጡ። ሦስታችን በዚያች ጠባብ ቦታ ተፋፍገን አንዲት ቅጠል ስናይ ቆየን። ረፈደብን። እኔ እንደሆነ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

መታጠቢያ ቤታችን ትንሽ ናት። የኮንዶሚኒየም ቤት የገባ ያውቃታል፤ መሃሏ ቆማችሁ ሁለት እጃችሁን ብትዘረጉ ግራና ቀኙን ግድግዳ ትነካላችሁ። አራተኛ ፎቅ ነን። ከሻወሩ በላይ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ጉም የለበሰ የሚመስል መስታወት የተገጠመላት አንዲት መስኮት አለች፤ ስፋቷ ከመሶብ ክዳን አይበልጥም። በእሷ የሚገባው ብርሃን ዘጠኝ ተክል ያኖራል። ዘጠኝ! የመስኮቷ ደፍ ላይ ልጆቻቸውን በረጅም ክር ያንጠለጠሉ ሁለት የሸረሪት ተክሎች አሉ። የሽንት ቤቱ የውሃ ሣጥን ላይ ፈርን ተቀምጣለች፤ ያቺ ጫካ ውስጥ ዛፍ ሥር የምትበቅለው፣ ቅጠሏ እንደ ማበጠሪያ የተሰነጣጠቀው። ሦስት ፖቶሶች ያለ አፈር፣ በጠርሙስ ውሃ ብቻ ይኖራሉ፤ ሐረጋቸው የፎጣ መስቀያውን ዞሮ ወደ መስታወቱ እየገሰገሰ ነው፤ የዛሬዋ ቅጠልም የእነሱ ናት። ጥጉ ላይ ሁለት ሳንሰቬሪያዎች እንደ ጎራዴ ቀጥ ብለው ቆመዋል። በሩ ጋ ደግሞ ዜድ ዜድ የሚሏት፣ ቅጠሏ በሰም የታሸ የሚመስል አለች።

ያደግኩት ግን መታጠቢያ ቤት የሚባል ነገር በሌለበት ቤት ነው።

ጉለሌ፣ የቀበሌ ቤት፣ አራት ቤተሰብ በአንድ ግቢ፤ 1970ዎቹ ማለቂያ ላይ። ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ከግቢው ጀርባ። ውሃ ከቦኖ በጀሪካን ይመጣል። ገላችንን የምንታጠበው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፀሐይዋ ግድግዳውን ስታሞቀው፣ ጓሮ በሳፋ ነበር። እማዬ ጠዋት ውሃውን በባልዲ ቀድታ ፀሐይ ላይ ታውለዋለች፤ ከሰዓት ከምድጃ የወረደ አንድ ድስት የፈላ ውሃ ትጨምርበትና በክርኗ ትለካዋለች። አምስት ልጆች ተራ እንይዛለን። የቀደመ ሙቁን ያገኛል፣ የዘገየ ለብ ያለውን። ሩጫው ታዲያ ለዚህ ነበር!

አሁን ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ መጨረሻዋ ጣሳ ነው።

ጓሯችን ግድግዳ ሥር የእማዬ አበቦች ተደርድረው ነበር፤ በዘይት ቆርቆሮ፣ በወተት ጣሳ፣ አፉ በተቆረጠ ጀሪካን፣ ጆሮው በተሰበረ ማሰሮ። ጄራንየም፣ ጽጌረዳ፣ ጤና አዳም፣ አርቲ፣ እንዳሁላ፣ እሬት። እያንዳንዱ ቆርቆሮ ሥሩ በምስማር ሦስት አራት ቦታ ተበስቷል። ከሥራቸው ስንዝር የምትሞላ ቦይ ተቆፍራ፣ ቆርቆሮዎቹ በቦይዋ ውስጥ ቆመዋል። ከቦይዋ በላይ ወደ እነሱ ዘንበል ያለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበረች። እማዬ በሳፋው ውስጥ በሳሙና አሽታ አጥባን፣ ያንን የሳሙና ውሃ ለብቻው ወደ ደጅ ትደፋዋለች። «ሳሙና ሥሩን ያቃጥለዋል» ትላለች። ከዚያ እርጥባችንን አንስታ ድንጋይዋ ላይ ታቆመናለች። «ዓይንሽን ጨፍኚ!» የመጨረሻዋ ጣሳ ከአናቴ ትወርዳለች፤ በጀርባዬ፣ በእግሬ፣ በድንጋይዋ፣ ወደ ቦይዋ። ዓይኔን ስገልጥ ውሃው በቆርቆሮዎቹ ሥር እየተሽሎከለከለ ሲሄድ፣ ደረቁ አፈር ከታች ወደ ላይ እየጠቆረ ሲመጣ አያለሁ። አንዲት ጣሳ ውሃ እኔንም አጠበች፣ ጄራንየሙንም አጠጣች።

ብርድ ብርድ እያለኝ እዚያው ቁጢጥ ብዬ አያለሁ። «ግቢ፣ ብርድ ይመታሻል!» እያለች በነጠላዋ ስትጠቀልለኝ እንኳ አንገቴን ወደዚያው እመልሳለሁ። የሽታው ነገር! እርጥብ አፈር፣ የጤና አዳም ቅጠል፣ የሳሙና መዓዛ፣ የእማዬ ነጠላ። ሰው ለቅንጦት የሚከፍልበትን ነገር እኛ ጓሮ ላይ በየቅዳሜው እናገኘው ነበር።

እያንዳንዳችን የየራሳችን ቆርቆሮ ነበረን። የእኔ ሮዝ ጄራንየም ናት። ታላቅ ወንድሜ እሬት መረጠ፤ ወንድ ልጅ አበባ አይዝም የሚል ሐሳብ ነበረው። (ዛሬ የእሱን ሳሎን ብታዩት! ከሶፋው ይልቅ ቅጠሉ ይበዛል።) ጎረቤቶቻችን ደግሞ በመጡ ቁጥር «እስቲ ከዚህችኛዋ ቁራጭ ስጪኝ» ይላሉ፤ እማዬም በመቀስ ሳይሆን በጥፍሯ፣ ከአንጓው በታች ቀንጠስ አድርጋ ትሰጣለች። በአንድ ዓመት ውስጥ የአንድ ጽጌረዳ ዘመዶች በሰፈሩ ሁሉ ያብቡ ነበር። በሌላ ሰው ግቢ ሳልፍ የእኛን አበባ አይቼ ዘመድ እንዳየ ሰው እስቃለሁ።

ለዓመት በዓል ግን ከሳፋው ከፍ ያለ ነገር ነበር፤ አባባ ፍልውሃ ይወስደናል! እንቁጣጣሽ ሲደርስ ወይም ለፋሲካ ዋዜማ፣ ፎጣችንን በፌስታል ይዘን። የማያልቅ ሙቅ ውሃ ያየሁት እዚያ ነው፤ ከመሬት የሚመጣ፣ ማንም እንጨት ያልማገደለት። ከክፍሉ ስወጣ እንፋሎቱ በሚወጣበት ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ የበቀለች አንዲት ፈርን አስታውሳለሁ። ማንም አልተከላትም፣ ማንም አያጠጣትም። ግን እንደሷ አረንጓዴ የሆነ ነገር በደረቁ ወራት በከተማው አይቼ አላውቅም። አባባ ነው ያኔ የነገረኝ፦ «ከተማችን እኮ የተቆረቆረችው እዚህ ነው፤ እቴጌ ጣይቱ ይሄን ውሃ ወድደው ነው በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ የወረዱት፤ ስሟንም አዲስ አበባ ያሏት እሳቸው ናቸው።» ሙቅ ውሃና አበባ! የምኖርባት ከተማ ስሟን ያገኘችው ከመታጠቢያ ቦታ አጠገብ መሆኑ ያኔም አስደሰተኝ፣ ዛሬም ስጽፈው ልቤ ይሞቃል።

የኮንዶሚኒየሙ ዕጣ ሲወጣልን እማዬ ይዛልን የመጣችው ስጦታ በእርጥብ ጋዜጣ የተጠቀለለ የሸረሪት ተክል ልጅ ነበር። አገሩ አፍሪካ ነው፤ ቅጠሉ ነጭና አረንጓዴ ጥለት፣ ልክ እንደ ጥበብ። በረንዳ ላይ አስቀመጥኩት። አንዱን ሁለት አልኩ፣ ሁለቱን አራት፣ ፈርንም ከወንዝ ዳር ችግኝ ሻጮች ገዝቼ ጨመርኩ። ክረምቱን ሲያምርባቸው ከረመ። ከዚያ ኅዳር መጣ። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የበጋ ፀሐይ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ ቀን ይለበልባል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ አየሩ ከንፈር ያደርቃል። አራተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ነፋሱ አያርፍም። ውሃው በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በሮቶና በጀሪካን ያጠራቀምነውን ለሰው እንኳ እየቆጠብን፣ በረንዳው ተረሳ። የሸረሪቱ ተክል ጫፍ እንደ ክብሪት ቡናማ ሆነ። ፈርኗ ስትነካ ትፈረፈር ጀመር።

በጣም አዘንኩ። የእማዬ ስጦታ ነዋ።

ጥምቀት ሲደርስ ወደ ባለቤቴ ዘመዶች ልንሄድ ሆነና፣ ሁሉንም ሰብስቤ መታጠቢያ ቤት አስገባኋቸው። ሰፊ ሳፋ ውስጥ ሁለት ጣት ውሃ ሞልቼ ቆርቆሮዎቹን እዚያ አቆምኩ፤ እንደ እማዬ ቦይ ከሥራቸው እንዲጠጡ። አንድ ሰዓት ጠጥተው ሲበቃቸው አውጥቼ መሬቱ ላይ ተውኳቸውና ሄድን። እህቴ ቤት እየጠበቀች እዚያው ሻወር ስትወስድ ሰነበተች። ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ በሩን ስከፍት ፈርኗ ከመሃሏ ሰባት አዲስ ቅጠል አውጥታለች! ሁሉም እንደ ሕፃን ጭብጥ እጅ ክብ ብለው ተጠቅልለዋል። ሻንጣዬን ከእጄ ሳላወርድ እዚያው ተንበረከክሁ።

ነገሩ አስማት አይደለም፣ ለእኔ ግን ከአስማት ይበልጣል። ቅጠል በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ይተነፍሳል፤ ሲተነፍስ ውሃ ያወጣል። አየሩ ደረቅ ከሆነ ከሥር ከሚስበው በላይ ያጣና ጫፉ ይቃጠላል። ሻወር የተወሰደበት ክፍል ግን በእንፋሎት ይሞላል፤ ቅጠሉ የሚያጣው ይቀንሳል፣ አፈሩም ቶሎ አይደርቅም። ናትናኤል ዋርድ የሚባል የለንደን ሐኪም ይሄን ያየው በጠርሙስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1829 አካባቢ የእሳት እራት ሙሽሬ ሊያሳድግ ብሎ እርጥብ አፈር በጠርሙስ ዘጋ፤ በከተማው ጭስ በግቢው አልበቅል ያለችው ፈርን በጠርሙሱ ውስጥ በራሷ በቀለች። ውሃው ተንኖ መስታወቱን ያላብሰዋል፣ ተመልሶ ወደ አፈሩ ይንጠባጠባል። ከዚያ በኋላ በመስታወት ሣጥን ተክሎች ባሕር አቋርጠው እስከ አውስትራሊያ ሄዱ። ታሪኩን ሳነብ «ይሄማ የእኔ መታጠቢያ ቤት ነው!» ብዬ ብድግ አልኩ። ያቺ የፍልውሃ ግድግዳ ላይ ያየኋት ፈርንም ትዝ አለችኝ፤ ለካ ያኔ አይቼው ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ስንቱን ሞከርኩ! ከሁሉም ፖቶስን እወዳታለሁ። ትውልዷ በፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል የምትገኝ ሞኦሬአ የምትባል ደሴት ናት ይላሉ፤ አበባ አታወጣም ማለት ይቻላል፣ ለማበብ የሚያስፈልጋት ሆርሞን ስለሚጎድላት። ግን ሐረጓን ከአንጓው በታች ቆርጣችሁ ውሃ ውስጥ ብታስገቧት፣ በሁለት ሦስት ሳምንት ከአንጓዋ ላይ ነጭ ሥር እንደ ፈትል ስትዘረጋ በጠርሙሱ ታዩታላችሁ። ልጄ በየጠዋቱ በማስመሪያ ይለካታል። ውሃዋን በሳምንት አንዴ እቀይራለሁ፤ የቧንቧውን ውሃ ሌሊቱን በባልዲ አሳድሬ፣ ብርዱ ወጥቶለት። ጠርሙሱ ግን ከፍ ብሎ ይቀመጥ። የፖቶስ ቅጠል ሲታኘክ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ሕፃን ወይም ድመት ባለበት ቤት የሸረሪት ተክሉን ታች፣ ፖቶሷን ላይ ነው።

ሳንሰቬሪያና ዜድ ዜድ ሌላ ጠባይ አላቸው። የመጀመሪያዋ ከናይጄሪያ እስከ ኮንጎ ባለው አገር፣ ሁለተኛዋ ከኬንያ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚበቅሉ የአህጉራችን ልጆች ናቸው። ዜድ ዜድ ከአፈር በታች ድንች የመሰለ ነገር አላት፤ ውሃዋን እዚያ ታጠራቅማለች። እንደ እኛ ሮቶ! ሳንሰቬሪያ ደግሞ ቀዳዳዎቿን የምትከፍተው ሌሊት ነው፤ ቀን ፀሐይ ውሃዋን እንዳይወስድባት። ለእነዚህ በሦስት ሳምንት አንዴ በቂ ነው። ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገባለሁ፤ እርጥበት ከነካኝ እተዋቸዋለሁ። ከሥራቸው አንድ እፍኝ ቀይ አሽ አደርጋለሁ፤ ያ መንገድ የሚደለደልበት ቀዳዳ ቀዳዳ ድንጋይ ውሃ ቋጥሮ እንዳያስቀርባቸው።

ይሄንን የተማርኩት በእሬቴ ነው። የወንድሜ የልጅነት እሬት ልጅ ልጅ፣ ከጉለሌ የመጣች። ለሁሉም የተስማማ እንፋሎት ለእሷም ይስማማል ብዬ ከሻወሩ አጠገብ አደረግኳት። በሁለት ወር ሥሯ ውሃ ሆነ፤ ሳነሳት ከአፈሩ ተለያይታ እጄ ላይ ቀረች። አለቀስኩ። ፀሐይና ድርቅ የለመደን ነገር በእንፋሎት ማፈን ጥፋት ነው። ደግነቱ ከጎኗ አንዲት ጤነኛ ችግኝ ነበረች፤ አሁን በረንዳው ላይ፣ የጠዋት ፀሐይ እየሞቀች፣ ከእናቷ በልጣለች።

ብርሃንም እንዲሁ ነው። መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ያላቸው ጓደኞቼ «እኔስ?» ይሉኛል። ጨለማ ውስጥ የሚኖር ተክል የለም፤ ጥቂት ብርሃን የሚበቃው እንጂ። ለእነሱ ሁለት ሁለት አስይዣቸዋለሁ፤ አንዷ መታጠቢያ ቤት ስትሆን ሌላዋ ሳሎን መስኮት አጠገብ፣ በየሁለት ሳምንቱ ይለዋወጣሉ። አየር ያጠራሉ የሚለው ወሬም አለ። የአሜሪካው የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ጥናት ነው ምንጩ፤ ግን ሙከራው የተደረገው በታሸገ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ነው፣ በርና መስኮቱ በሚከፈት ቤት ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። እኔ ለአየር ብዬ አልተከልኳቸውም። ቦይለሩ ሲሞቅ፣ እንፋሎቱ ሲነሣ፣ የጠዋት ብርሃን በዚያች መስኮት ገብቶ የፈርኗን ጥላ ነጩ ሴራሚክ ላይ ሲጥለው፣ ውሃው በትከሻዬ ሲወርድ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ጉለሌ ነኝ። ድንጋይዋ ላይ ቆሜያለሁ። አበባና ገላ አብረው የሚታጠቡበት ቤት ነው ያደግኩት፤ አሁንም እዚያው ነኝ!

ባለፈው ክረምት እማዬ ልትጠይቀን መጣች። ሰማንያ አልፏታል፤ ጉልበቷን ያማታል። ገላዋን ላጥባት ዱካ ሻወሩ ሥር አስቀምጬ ቧንቧውን ስከፍት፣ «ተይ፣ ይሄ ዝም ብሎ የሚወርድ ነገር አይሆነኝም፤ በጣሳ አፍስሺልኝ የኔ ልጅ» አለችኝ። ባልዲና ጣሳ አመጣሁ። ጀርባዋን አሸሁላት፣ ጸጉሯን አጠብኩላት። ዙሪያዋን እያየች ነበር፤ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ፣ ከላይ እስከ ታች። የሸረሪት ተክሉን ስታይ፣ «ይቺ የኔዋ አይደለችም?» አለች። «የልጅ ልጅዋ ናት፣ እማዬ» አልኳት። ሳቀች፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ።

ሳሙናውን አጥቤላት ስጨርስ ባልዲው ውስጥ አንዲት ጣሳ የምትሆን ንጹሕ ውሃ ቀርታለች። ልደፋባት ሳነሣት እጄን ያዘችኝ። ጣሳዋን ከእጄ ተቀበለች፣ ውሃውን እኩሌታውን በትከሻዋ አወረደችው፣ ቀሪውን እጇን ዘርግታ ፈርኗ ሥር አፈሰሰችው።

«ይቺ ጠምቷታል» አለች።

በማግስቱ ስትሄድ በሩ ላይ ቆመችና፣ ዕድሜዋን ሙሉ ለሰፈሩ ስትሰጥ የኖረች ሴት፣ «እስቲ ከዚያችኛዋ፣ በጠርሙስ ካለችው፣ ቁራጭ ስጪኝ» አለችኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ። እንደ እሷ በጥፍሬ፣ ከአንጓው በታች ቀነጠስኩላት፤ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልዬ ቦርሳዋ ውስጥ ከነጠላዋ ጋር አስቀመጥኩላት። በወንድሜ መኪና ውስጥ ቦርሳውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በሁለት እጇ ይዛው ሄደች።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ገና ሳይነጋ፣ ስልኬ ጮኸ። ደንግጬ አነሣሁት።

«ሥር አወጣች!» አለች እማዬ። «አምስት ናቸው። ቆጥሬያቸዋለሁ።»